ለድብ ጉርሻ የማይሰጥበት ተራራ

ከዋሽንግተን ዲሲ በስተ ምዕራብ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዙ የብሉ ሪጅ ተራሮች ይገኛሉ። እ.ኤ.አ. በ1935 የተቋቋመው የሼናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ያለው እዚህ ነው። ስካይላይን ድራይቭ የተባለው መንገድ በተራሮቹ ጫፍ ላይ 169 ኪሎ ሜትር ይጠማዘዛል፤ በየመሐሉ መኪና አቁመው ሸለቆውን ቁልቁል የሚያዩባቸው ቦታዎች አሉት። በዋሽንግተንና በአካባቢዋ ብዙ ኢትዮጵያውያን ስለሚኖሩ፣ ልጆቻቸውን ለመጠየቅ ከአገር ቤት የሄዱ አያቶችም ለሽርሽር ሊወሰዱበት የሚችሉ ቦታ ነው። ነፋሻው አየር ደጋውን ያስታውሳል። ጫካው ግን በአገራችን የሌለ ነዋሪ አለው፤ ጥቁር ድብ።

ድብን አያቶች በስም፣ የልጅ ልጆች ደግሞ በአሻንጉሊት ያውቁታል። እውነተኛው ጥቁር ድብ ወንዱ ከ100 ኪሎ በላይ ሊመዝን ይችላል። ዛፍ ይወጣል፤ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሮጣል። ቢሆንም ሰውን ማደን ልማዱ አይደለም። ሣር፣ የዱር እንጆሪ፣ የዛፍ ፍሬና ነፍሳት ይበላል፤ የሰው ድምፅ ሲሰማም አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ዞር ይላል። ይህን ጠባዩን የሚያበላሸው የሰው ምግብ ነው።

ከሰው ማዕድ የቀመሰ ድብ ተመልሶ ይመጣል። ሰውን መፍራት ይተዋል፤ ድንኳንና መኪና መፈተሽ ይለምዳል። ለሰው አደገኛ ሆነ ከተባለ ደግሞ ሊገደል ይችላል። ሐረር ውስጥ ጅብ ማብላት የታወቀ ትርኢት ነው፤ በሼናንዶዋ ግን የዱር እንስሳ መመገብ በሕግ የተከለከለ ነው።

የእኛ ሽርሽር ደግሞ ያለ አገልግል አይደምቅም። ወጣቶቹ ወደ ፏፏቴው ሲወርዱ፣ ጉልበታቸው የማይፈቅድላቸው አያት ሕፃኑን ይዘው ከምግቡ ጋር ይቀራሉ። ማስጠንቀቂያው የተለጠፈው በእንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ ድብን ከሚስበው ጥብስ አጠገብ የተቀመጡት ሰው፣ ስለ ድብ ማንም ያልነገራቸው ሊሆኑ ይችላሉ። ጨዋታው ከቤት ሳይወጡ፣ በአማርኛ መጀመር አለበት።

በቅድሚያ ስለ ምግቡ። የሚበላው ብቻ ይውጣ፤ የቀረው መኪና ውስጥ ገብቶ መስኮትና በር ይዘጋ። አጥንትና ፍርፋሪ «ለወፍ ይሁን» ተብሎ አይጣልም፤ ድብ እንዳይከፍተው ተደርጎ በተሠራው የቆሻሻ ማጠራቀሚያ ይገባል። ድብ የሚያሸተው ወጥ ብቻ አይደለም። የጥርስ ሳሙና፣ ቅባትና ሽቶም ድንኳን ውስጥ አያድሩም።

ድብ ከታየ መሮጥ የለም። «ውሻ ሲያይህ አትሩጥ» የሚለውን የልጅነት ምክር ያስታውሱ፤ የሚሮጥ ነገር እንዲከተል ይጋብዘዋል። ዛፍ ላይ መውጣትም አያድንም። ሕፃኑን አቅፈው፣ ትልልቆቹን ልጆች ወደ ጎንዎ ሰብስበው፣ ጀርባ ሳይሰጡ፣ በረጋ ድምፅ እየተናገሩ ቀስ ብለው ወደ ኋላ ይራቁ። ከሩቅ የሚታይ ከሆነም ቢያንስ 45 ሜትር ያህል ይለዩት። ግልገል ብቻውን ቢታይ እናቱ ቅርብ ናት፤ በመካከላቸው አይግቡ። መኪና ውስጥ ካሉ ለፎቶ ብለው አይውረዱ።

እየተጠጋ ከመጣ አጎንብሶ መለማመጥ አይጠቅምም። ነጠላውን በሁለት እጅ ከፍ አድርገው ዘርግተው ትልቅ ይምሰሉ፤ ይጩኹ፣ ድስት ያንኳኩ፣ ድንጋይ ይወርውሩ። ጥቁር ድብ ሰውን ማጥቃቱ እጅግ አልፎ አልፎ የሚደርስ ነው። ካጠቃ ግን የሞቱ መስሎ መተኛት አይገባም፤ በዱላም በድንጋይም ፊቱ ላይ እየመቱ መታገል ነው።

ከዚህ ሁሉ አያትን የሚከብዳቸው ምናልባት የመጀመሪያው ይሆናል። የመጣን እንግዳ ሳያጎርሱ መሸኘት አልለመዱም። ለዚህ እንግዳ ግን ደግነቱ መከልከል መሆኑን ለልጅ ልጆቻቸው ከእሳቸው የተሻለ የሚያስረዳ የለም፤ እሳቸው ከከለከሉ ልጆቹም ይሰማሉ።