የነቀዝ ሒሳብ

ዋጋው እየጨመረ ያለውን ግዛ፤ መጨመሩን ሲያቆም ሽጥ። የአክሲዮን ነጋዴዎች አዝማሚያን መከተል የሚሉት ስልት፣ ጌጡ ሁሉ ሲገፈፍ፣ ይኸው ነው። ሞመንተም የተባለው የቅርብ ዘመዱ ደግሞ አክሲዮኖችን እርስ በርስ ያወዳድራል። ጀጋዲሽና ቲትማን የተባሉ ሁለት ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተሙት ጥናት፣ ከ1965 እስከ 1989 በነበረው የአሜሪካ ገበያ ላይ ፈትነውት፣ ባለፉት ስድስት ወራት የቀደሙትን ገዝቶ የወደቁትን መሸጥ በወር አንድ ከመቶ ገደማ ያተርፍ እንደነበር አሳይተዋል።

የእኅቴ ልጅ ይህን አንብቦ ልቡ ተነሣ። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቆ ወጋገን ባንክ የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ሲሆን፣ እናቱ አምባሰል ውስጥ ሁለት በሬ ሸጣ ያስቀመጠችውን ገንዘብ በዚህ ስልት ሊያንቀሳቅስ ተመኘ። ግን በምን ይፈትነዋል? ገበያው ጨቅላ ነው፤ ወደ ኋላ የሚቆጠር ዘመን የለውም። እኔ ዘንድ ደግሞ ሐይቅ ከተማ እህል ይነግዱ የነበሩት አጎቴ የተዉት ደብተር አለ፤ በየገበያው ቀን የጤፍ፣ የማሽላና የማሾ ዋጋ በኩንታል ተጽፎበታል። አክሲዮን ማሽላ አይደለም፤ ቢሆንም ስልቱ የሚጠይቀው የዋጋ ተርታ ብቻ ነውና ደብተሩን ሰጠሁት።

ሕጉን አቀለለው፤ የዛሬው ዋጋ ከሦስት ወር በፊት ከነበረው ከበለጠ ያዝ፣ ካነሰ ልቀቅ። በማሽላ ላይ ሲያስኬደው ውጤቱ ያማረ ሆነ። እኔ ግን ከማመኔ በፊት ጥቂት ነገር ጠየቅሁት። በእነዚያ ዓመታት ዋጋው ያልጨመረ ምን ነበር? ጆንያውን ጎተራ ከትቶ የተኛ ገበሬም አትርፏል፤ ስለዚህ ስልቱ ሊወዳደር የሚገባው ከተኛው ሰው ጋር ነው። ሁለተኛው የወቅቱ ነገር ነው። ማሽላ በጥር ይረክሳል፣ ክረምቱን ይወደዳል፣ አዲሱ አዝመራ ሲደርስ ይወርዳል። ሦስት ወር ወደ ኋላ የሚያይ ሰው መወደዱን የሚያምነው በሚያዝያ፣ መርከሱን የሚያምነው በኅዳር ነው። ዘግይቶ ይገባል፤ ዘግይቶ ይወጣል። በአዝማሚያ የሚነግድ ሁሉ ይህን ግብር ይከፍላል፤ ጉዞው ረጅም ሲሆን ግብሩ አይሰማም፣ ሐይቅ ላይ ግን ጉዞው የአንድ ክረምት ነው።

ከዚያ ነቀዝ አለ። ጤፍን አይደፍረውም፤ ማሽላን ግን ከውስጥ ይበላዋል። የጆንያው፣ የተሸካሚው፣ የደላላው ሒሳብም አለ። ለአክሲዮን የአገናኙ ክፍያና በመግዣና በመሸጫ ዋጋ መካከል ያለው ክፍተት ነቀዙ ነው። ልጁ ይህን ሁሉ ሲቀንስ ትርፉ ሳሳ፤ አልጠፋም።

ያስቸገረን ባዶው ገጽ ነው። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ጦርነቱ ሐይቅ ሲገባ አጎቴ ቤታቸውን ዘግተው ወጡ፤ ደብተሩ ላይ ለሳምንታት ምንም የለም። ልጁ እንዳለማመደው ኮምፒውተሩ ባዶ ቦታ ሲያገኝ የመጨረሻውን ዋጋ ደግሞ ይሞላል። ስለዚህ በፈተናው መሠረት ስልቱ በዚያ ኅዳር ማሽላውን በሰላም ሸጦ ወጥቷል። ለማን? በየትኛው ገበያ?

ይህ የእህል ጉዳይ ብቻ አይደለም። የኒውዮርክ የአክሲዮን ገበያ እ.ኤ.አ. በ1914 ጦርነት ሲነሣ ከአራት ወር በላይ ተዘግቷል። በንጉሡ ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ የነበረው የአክሲዮን ግብይትም ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ቆሞ ቀርቷል፤ የወረሱት ድርጅቶች አክሲዮን በወደቀ ጊዜ እሸጣለሁ ብሎ ያቀደ ሰው የሚሸጥበት ቀን አላገኘም።

አጎቴ ተመልሰው ሲገቡ መጋዘናቸው ተጠርጎ ነበር። በታኅሣሥ ከማሽላ ትይዩ የጻፉት ዋጋ ሳይሆን «የለም» የሚል ቃል ነው። ልጁ በምን ቁጥር ልተካው ሲለኝ ዜሮ አልሁት። ስልቱ በጥቅምት ገና አልወጣም ነበርና የቀደሙት ዓመታት ትርፍ ከነዋናው ሄደ። ሌሊቱን ሙሉ ሕጉን ሲቀያይር አደረ፤ ሁለት ወር፣ አራት ወር፣ የመቁረጫ ዋጋ ጨምሮ። ሁሉም ያንን ጥቅምት ለማምለጥ የተሰፉ ነበሩ፤ እርሱም አወቀውና ጠዋት አጠፋቸው።

የበሬዎቹ ገንዘብ ለጊዜው አልተነካም። እናቱ አንዷን ላም ልትገዛበት ታስባለች፤ ልጁ የላም ዋጋ መመዝገብ ጀምሯል።