ቮላኖ ቀይረን ፍሪሲዮን ስንተው



ዛሬ የምንጽፈው ስለ መኪና ነው። መኪና ያላችሁም፣ ልትገዙ በዕቁብ የምትጥሉም፣ ጋራዥ ውስጥ የምትሠሩም ወንድሞች እስከ መጨረሻው ብታነቡት አትከስሩም ኢንሻ አላህ። እኛ ከስረን ነው የተማርነው።

ዳንግላ ተወልደን ያደግን ሦስት ወንድማማቾች ነን። ሰው አባዱላ የሚለውን የናፍጣ ሃያስ በጋራ ገዝተን ከዳንግላ እንጅባራ፣ ጭነትና ሰው ሲገኝም ከእንጅባራ ቻግኒ እንሠራለን። የገዛነው በዕቁብ ብርና እናታችን ወርቋን ሸጣ በሰጠችን ገንዘብ ነው። መኪናው አንድ ቀን ከቆመ የሦስት ቤት ወጪ ይቆማል። እናታችን ደግሞ «ምን ሆነ?» ብላ አትጠይቅም። ዝም ብላ ታየናለች፤ እሱ ይብሳል።

ነገሩ የጀመረው በድምፅ ነው። ጠዋት ሞተሩ ሲነሳ፣ ማታም ሲጠፋ፣ ከሥር ብረት በብረት ላይ የወደቀ ያህል «ኳ!» ይላል። በሚኒሞ ሲሠራ ወንበሩ ሁሉ ይንቀጠቀጣል። ፍሪሲዮን ስንረግጥ ድምፁ ይለወጣል። ፍሪሲዮኑን ከቀየርን ገና ስምንት ወር አልሞላንም ነበርና «ፍሪሲዮን ሊሆን አይችልም» ብለን ሁለት ሳምንት አስታመምነው።

በመጨረሻ ዳንግላ ለምናውቃቸው አዛውንት መካኒክ ወሰድነው። ጋሼ ካምቢዮውን አስወርደው ቮላኖውን በሁለት እጃቸው ያዙና ወዘወዙት። ጥቂት ብቻ መላወስ የነበረበት ብረት ወዲያና ወዲህ ዋለለ። «ልጆቼ፣ ይኼ አልቋል» አሉን።

ለማያውቅ ሰው እናስረዳ። ቮላኖ ክራንክ ሻፍቱ ጫፍ ላይ የሚታሰር ከባድ የብረት ሰሃን ነው። ፒስተኖቹ እየተፈራረቁ ሲመቱ በምት መካከል ያለውን ክፍተት በክብደቱ እየሸፈነ ዙሩን እኩል ያደርጋል። ፍሪሲዮን የሚሠራው እዚሁ ሰሃን ፊት ላይ ነው። ዲስኩ በቮላኖውና በላዩ በሚጫነው ሰሃን መካከል ተጣብቆ ኃይሉን ወደ ካምቢዮ ያሻግራል፤ ፔዳሉን ስንረግጥ ይላቀቃል። (ቮላኖ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ኩሽኔታ፣ ሞላ። ጣሊያን ከሀገር ከወጣ ስንት ዘመኑ፣ ጋራዣችን ግን ዛሬም በጣሊያንኛ ነው የሚጠግነው።)

ድሮ ቮላኖ ሁሉ አንድ ወጥ ብረት ነበር። የናፍጣ ሞተር ምቱ ከባድ ስለሆነ ንዝረቱ እስከ ካምቢዮው ጥርስ ይደርሳል። ሉክ የተባለው የጀርመን ኩባንያ በ1985 እ.ኤ.አ. ድርብ ቮላኖ በብዛት ማምረት ጀመረ። ሁለት ሰሃኖች ናቸው፤ በመካከላቸው ረጃጅም ጥምዝ ሞላዎችና ግራሶ አሉ። ምቱን ሞላዎቹ ይውጡታል፣ ተሳፋሪው ምቾት ያገኛል። ግን ሞላው ይደክማል፣ ግራሶው ይደርቃል፤ ያኔ የኛ መኪና ያለውን «ኳ!» ይላል። የኛ ቮላኖ ድርብ ነበር።

ጋሼ ሁለት መንገድ ነገሩን። አንዱ ያንኑ ዓይነት ድርብ ቮላኖ አዲስ መግዛት ነው፤ ዋጋውን ስንሰማ ታላቃችን ከመቀመጫው ተነሳ። ሁለተኛው ድርቡን ትቶ ወጥ ቮላኖ ማሰር ነው፤ ዋጋው ይቀንሳል፣ ለመንገዳችንም ይጠነክራል፣ ትንሽ ግን ይንቀጠቀጣል። ወጡን መረጥን። አዲስ አበባ መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ለሚሠራ ዘመዳችን ደወልን። እሱም «ቮላኖው ከዲስኩ፣ ከተጫኙ ሰሃንና ከኩሽኔታው ጋር ሙሉ ስብስብ ሆኖ ነው የሚመጣው፤ ለብቻውም ይገኛል። የቱን ልላክ?» አለን።

ሌሊቱን ሙሉ የተከራከርነው በዚህ ነው።

ታላቃችን «የስምንት ወር ዲስክ አይጣልም፣ ብክነት ነው» አለ። ታናሻችን ጋሼ ያሉትን ያዘ፤ «ካምቢዮው አንዴ ወርዷል፤ ነገ ፍሪሲዮኑ ቢያልቅ ያንኑ ጉልበት ደግመን ልንከፍል ነው?» አለ። መካከለኛው ሒሳቡን በስልኩ እየደመረ ለታላቁ አደላ። እውነቱን እንናገር፣ የወሰነልን ሒሳቡ ሳይሆን ድካሙ ነው። ዕቁቡ የሚጣልበት ቀን ደርሶ ነበር። «ቮላኖውን ብቻ ላክ» አልነው።

ጋሼ ዲስኩን አገላብጠው አሳዩን። መሃሉ ላይ ሞላ የለውም። «ንዝረቱን ቮላኖው ስለሚውጥ ይኼ ዲስክ ሞላ አልተሰጠውም። እናንተ ደግሞ ሞላ ያለውን ቮላኖ አውጥታችሁ ሞላ የሌለው እያስገባችሁ ነው። ታዲያ ምቱን ማን ይዋጠው?» አሉ። ሰማን፤ ግን አልሰማንም። ከሞተሩ ኋላ ያለችውን የዘይት ማገጃ ጎማም «አሁን አታፈስም» ብለን ተውናት። ጋሼ እያዘኑ ገጠሙት። መኪናው ተነሳ፤ «ኳ!» የሚለው ድምፅ ጠፋ። አልሐምዱሊላህ ብለን ሥራ ገባን።

በሦስተኛው ቀን ካምቢዮው በሚኒሞ መንኳኳት ጀመረ፤ ጣሳ ውስጥ ጠጠር ያለ ይመስል ነበር። አንደኛ ማርሽ ስናስገባ መኪናው እንደ ደነገጠ ፈረስ ይዘላል። ሹፌሩ ታናሻችን ዝላዩን ለማለስለስ ፔዳሉን በግማሽ ረግጦ መነሳት ለመደ። ፍሪሲዮን የሚያቃጥለው ይኸው ልማድ ነው።

በሦስተኛው ሳምንት፣ መንገዱ ክፍት በነበረ ሰሞን፣ ከቻግኒ ሙሉ ሰው ጭነን ወደ እንጅባራ ወጣን። መንገዱን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ቻግኒ ቆላማ ነው፣ እንጅባራ ደግሞ ደጋ፤ በመካከላቸው ወደ 1000 ሜትር የሚጠጋ የከፍታ ልዩነት አለ። ዳገቱ ላይ ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናው አይሄድም። የተቃጠለ ሽታ ገባ። ከተሳፋሪዎቹ መካከል ለሕክምና ወደ ባሕር ዳር የሚሄዱ አንዲት እናት ነበሩ። ሁሉንም አውርደን፣ የከፈሉትን መልሰን፣ ዳር ላይ ቆመን ሌላ መኪና ለመንንላቸው። እኚያ እናት «አይዟችሁ ልጆቼ» አሉን። ቢቆጡን ይሻለን ነበር።

ካምቢዮው እንደገና ወረደ። ዲስኩ ላይ ሁለት ነገር ታየ። አንደኛ፣ ፊቱ የለመደው የድሮውን ቮላኖ ስለሆነ በአዲሱ ላይ ሙሉ ለሙሉ አልተቀመጠም፤ የሚነካው ክፍል ተቃጥሎ ሌላው ሳይነካ ቀርቷል። ሁለተኛ፣ የናቅናት ጎማ ዘይት አፍስሳበታለች። አዲሱ ቮላኖም ፊቱ ላይ ሰማያዊ የቃጠሎ ጠባሳ ወጥቶበት ቶርኖ ቤት ሄደ። ጉልበት ሁለት ጊዜ፣ ቶርኖ አንድ ጊዜ፣ የቆመበት አምስት ቀን፣ በመጨረሻም ያንኑ ፍሪሲዮን መግዛት። መካከለኛው ወንድማችን በዚህኛው ጊዜ ስልኩን አላወጣም።

ይኼን ስንል «ቮላኖ የነካ ሁሉ ፍሪሲዮን ይቀይር» ማለታችን አይደለም። መለዋወጫ ሻጭ እንደዚያ ሊላችሁ ይችላል። ጎረቤታችን አሮጌ ሃያስ አለው፣ ከድሮም ወጥ ቮላኖ ያለው። ሞተሪኖው የሚይዘው ጥርስ ተበልቶበት ቮላኖውን በዚያው ዓይነት ቀየረ። ዲስኩ ጥቂት ወር ብቻ የሠራ ነበር። ጋሼ ለኩት፤ የሚስማሮቹ ራስ ከዲስኩ ፊት ምን ያህል ዝቅ እንዳለ ነው የሚለካው፣ ቶዮታም ከ0.3 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ ቀይሩ ይላል። የሱ ከዚያ በብዙ ይበልጥ ነበር፤ ዘይት አልነካውም፣ ሞላዎቹ አልላሉም፣ ተጫኙ ሰሃን አልተቃጠለም። ያንኑ መለሱለት፣ እስከ ዛሬም ይሠራል። እሱ የቀየረው ዓይነቱን ሳይሆን ዕቃውን ነው። እኛ ግን የቮላኖውን ዓይነት ቀይረን ዲስኩን በቀድሞው ዓይነት ተውነው። ስምንት ወር መሥራቱን ስንቆጥር ከአዲሱ ቮላኖ ጋር ይሄዳል ወይ ብለን አልጠየቅንም።

ጋራዥ ለምትሠሩ ወንድሞች አንድ ነገር ጣልቃ እናስገባ። ፍሪሲዮን ሲፈታ የሚወጣውን ጥቁር አቧራ በኮምፕሬሰር አትንፉት። የቆዩ ዲስኮች አስቤስቶስ አለባቸው፤ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው የሚያሳምመው። በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት። ልጆቹ አፋቸውን ሳይሸፍኑ ሲነፉት ብዙ ጊዜ አይተናል።

በሁለተኛው ጊዜ ሁሉም ተለወጠ፦ ሞላ ያለው ዲስክ፣ ተጫኙ ሰሃን፣ ኩሽኔታው፣ በክራንክ ሻፍቱ ጫፍ ውስጥ ያለችው ትንሿ ኩሽኔታ፣ ያቺም ጎማ። ጋሼ የቮላኖውን ፊት ከግራሶና ከጣት አሻራ አጽድተው፣ ብሎኖቹን በተርታ ሳይሆን ፊት ለፊት እያቀያየሩ በልክ አጠበቁ። «የመጀመሪያዎቹን ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች ቻግኒ እንዳትወርዱ፤ ከባድ ጭነትም አትጫኑ፤ ፊትና ፊት ይላመዱ» አሉን። ታዘዝን። ለሳምንታት ከዳንግላ እንጅባራ ብቻ፣ ቅዳሜ ደግሞ አዲስ ቅዳም ገበያ፣ ድንች የጫነ ሰው ሲለምነን እንኳ «ይቅርታ» እያልን ሠራን።

አንድ ቀን እናታችን እንጅባራ ዘመድ ልትጠይቅ ከፊት ተቀመጠች። መናኸሪያው በር ላይ ቆመን በሚኒሞ ሲሠራ እጇን ዳሽቦርዱ ላይ አሳረፈች።

«አሁንም ይንቀጠቀጣል እኮ» አለች።

«እማ፣ ወጥ ቮላኖ ጠባዩ ነው» አላት ታናሻችን።

ወደ ታላቃችን ዞራ አየችው። «ዳገቱንስ?»

«ዳገቱን ይወጣል» አለ።