ነጩን ሩዝ ውሰጂ

ባለፈው ረቡዕ ከአዲስ አበባ ስመለስ ዋሽንግተን ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ አንዲት እናት ምሳ አበሉኝ። ምሳው ነጭ ሩዝና ጎመን ነበር። ወረፋ ይዤ፣ ገንዘቤን ከፍዬ የተቀበልኩት ነው። ነገር ግን «ገዛሁ» የሚለው ቃል አልበቃኝ አለ። «አበሉኝ» ነው የምለው፤ ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ከአገር ቤት በደለስ በኩል የገባ ሰው ያውቀዋል። ሻንጣህን ትረከባለህ፣ ጉምሩክ ታልፋለህ፣ ቀጣይ በረራ ካለህ ሻንጣውን እዚያው መልሰህ ታስረክብና ባዶ እጅህን ወደ ሌላው በር ትሄዳለህ። እኔም እንደዚያው አደረግሁ። እናቴ በእጇ ያዘጋጀችው ሽሮ፣ በርበሬ፣ ድርቆሽና በሶ ወደ ኦሃዮ ሊሄድ ዐይኔ እያየ ከመጋረጃው ኋላ ገባ። የእጅ ቦርሳዬ ውስጥ የነበረውን ዳቦ ቆሎ አውሮፕላኑ ላይ ጨርሼዋለሁ። ሁለት ሻንጣ ሙሉ የእናቴ ስንቅ አብሮኝ እየተጓዘ እኔ የምቀምሰው አልነበረኝም።

ዐቢይ ጾም ነው። የምጾመው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው። በቨርጂኒያ ሰዓት ገና ከቀኑ ሰባት ሰዓት ነበር፤ አዲስ አበባ ግን ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ሆኗል። እናቴ በልታ፣ ገበታው ተነስቶ፣ ምናልባት ሦስተኛውን ቡና እየጠጣች ነው። ሰውነቴ ገና ከእሷ ቤት አልወጣም። ለዛሬ በእናቴ ሰዓት ልብላ ብዬ ወሰንኩ።

የምግብ ቤቶቹን መደዳ አንድ በአንድ አየሁ። በርገር፣ ፒዛ፣ ዶናት፤ ሁሉም ፍስክ ነው። መጨረሻ ላይ የእስያ ፈጣን ምግብ የሚሸጥበት ባንኮኒ አገኘሁ። ምግቡ ከመስታወት ኋላ በእንፋሎት በሚሞቁ ትሪዎች ተደርድሯል፤ በብርቱካን ሶስ የሚያብረቀርቅ ዶሮ፣ ሥጋ በብሮኮሊ፣ ኑድል፣ የተጠበሰ ሩዝ፣ ቶፉ፣ ጎመን። እዚህ መቼም የሚበላ አላጣም ብዬ ወረፋ ያዝኩ።

ተራዬ ሲደርስ ጸጉራቸውን በመረብ የሸፈኑ፣ ሃምሳዎቹን ያለፉ ሴት ጭልፋቸውን የተጠበሰው ሩዝ ላይ እንዳደረጉ በእንግሊዝኛ «ሩዝ ወይስ ኑድል?» አሉኝ። ወደ ሩዙ ጠቆምኩ። ያኔ ዐይናቸው አንገቴ ላይ ያለውን ማተብ አገኘው። ጭልፋው ቆመ።

«ልጄ፣ ጾመኛ ነሽ?»

«አዎ፣ እናቴ።»

«እንግዲያው እሱ እንቁላል አለው። ነጩን ሩዝ ውሰጂ።»

ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው ያሉኝ፤ ለቅሶ ቤት ወይም ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሰው ለሰው ጠጋ ብሎ እንደሚናገረው። ከዚያ ትሪዎቹን እየቆጠሩ አስረዱኝ። ኑድሉ ሲቦካ እንቁላል ገብቶበታል። ቶፉው ራሱ አኩሪ አተር ነው፣ ግን የሚጠበሰው ዶሮው በተጠበሰበት ዘይት ነው። ጎመኑ ላይ ያለው ጠቆር ያለ ሶስ ደግሞ ኦይስተር ከሚባል ቅርፊት ለባሽ የባሕር ፍጥረት የተሠራ ነው። እኔ ብቻዬን ብሆን ጎመን አይቼ ጎመን ነው ብዬ እበላ ነበር።

ይህን ብለው ወደ ኋላ ዞሩና ለአብሳዩ «ሲን ሳልሳ፣ ፖር ፋቮር» አሉት፤ ያለ ሶስ ማለታቸው ነው። ልጁ የኤል ሳልቫዶር ተወላጅ እንደሆነ በኋላ ነገሩኝ። ምንም ሳይጠይቅ ጎድጓዳ መጥበሻውን አጠበ፣ አዲስ ዘይት ጠብ አደረገ፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ጣለበት፣ ብሮኮሊና ጥቅል ጎመን ጨመረ። እሳቱ ወደ ላይ ተግ አለ። ለሌላ ሰው ደጋግሞ እንደሠራው ከእጁ ያስታውቃል።

«ረቡዕና አርብ ስንቱ ይመጣል መሰለሽ!» አሉኝ ሳጥኑን እየሞሉ። «ዊልቸር የሚገፉት፣ ጽዳት ላይ ያሉት፣ ልጆቻችን ናቸው እኮ። ያልሆነ ነገር በልተው ቅር እንዲላቸው አልፈልግም።»

ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ። ጎመኑ እንደ እኛ አልሟሟም፤ ጥርስ ላይ ይንኮሻኮሻል። ዝንጅብሉ ያስታውቃል። ሩዙ ሜዳውን ነው፤ ጨው እንኳን የለውም። ቃሪያ ያለበት ሶስ በትናንሽ ላስቲክ ነበር፤ እሱን አፈሰስኩበት። ከአሥራ ምናምን ሰዓት በረራ በኋላ ሆዴ ውስጥ ሲገባ እንባዬ መጣ። በሰው አገር ሆኜ የማልበላውን ነገር ሳልጠይቀው የነገረኝ ሰው ብዙ የለኝም።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ እረፍታቸው ደረሰና ሻያቸውን ይዘው አጠገቤ ተቀመጡ። የደብረ ብርሃን ልጅ ናቸው። እዚያ ባንኮኒ ላይ አሥራ አንድ ዓመት ሆኗቸዋል። ከሽርጣቸው ኪስ አውጥተው ያሳዩኝን ነገር አልረሳውም። ጥጋጥጉ የታጠፈ፣ ዘይት የነካው ትንሽ ደብተር ነው። አንዱ ገጽ ላይ «የጾም»፣ ፊት ለፊቱ «የፍስክ» የሚል ርእስ አለው። ሥራ ሲጀምሩ፣ ምግብ የማይስማማው ሰው ቢጠይቅ እንዲመልሱ የሁሉም ምግብ ዝርዝር በእንግሊዝኛ ተሰጣቸው። ወረቀቱን ቤት ወስደው ልጃቸው እያነበበችላቸው እሳቸው በአማርኛ ጻፉት። ምግቡ በተቀየረ ቁጥር ይሰርዛሉ፣ ይጨምራሉ። ይህን አድርጊ ያላቸው አለቃ የለም።

«ሥራው አይከብድም?» አልኳቸው።

«እግር ይጨርሳል» አሉኝ። «ግን እንጀራዬ ነው። ሩዝ እየቀዳሁ ነው ልጆቼን ለቁም ነገር ያደረስኳቸው።»

እንጀራዬ ነው። ሩዝ እየቀዱ እንጀራዬ ማለት የሚቻለው በእኛ ቋንቋ ነው።

እሳቸው ወደ ሥራቸው ተመለሱ። እኔ በረራዬን እየጠበቅሁ ያንን ባንኮኒ ስመለከት ቆየሁ። ብዙ ሰው ይህን ምግብ «እውነተኛ የቻይና ምግብ አይደለም» እያለ ሲንቀው እሰማለሁ። ያ በብርቱካን የሚጣፍጠው ዶሮ የተፈጠረው በ1987 ነው (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው)፤ ፓንዳ ኤክስፕረስ የሚባለው ምግብ ቤት ሼፍ የነበረው አንዲ ካኦ ሃዋይ ውስጥ ነው የሠራው። ቻይና ሄዶ የሚፈልገው ሰው በቀላሉ አያገኘውም። እኔ ግን ምግቡ የመጣበትን መንገድ ሳስብ መናቅ ይከብደኛል።

አሜሪካ በ1882 የቻይና ሠራተኛ እንዳይገባ በሕግ ከለከለች። የአገሪቱን ምሥራቅ ከምዕራብ ያገናኘውን የባቡር ሐዲድ ተራራ ፈልፍለው ከዘረጉት መካከል ብዙዎቹ ቻይናውያን ነበሩ፤ ሐዲዱ በ1869 ከተገጣጠመ አሥራ ሦስት ዓመት ሳይሞላው ነው በሩ የተዘጋባቸው። ሕጉ እስከ 1943 ቆየ። ክፍት የነበረው ለነጋዴ፣ ለተማሪና ለመሳሰሉት ጥቂቶች ብቻ ነው። በ1915 ግን አንድ የፍርድ ቤት ውሳኔ የምግብ ቤት ባለቤትም እንደ ነጋዴ እንዲቆጠር መንገድ ከፈተ። ያቺን ስንጥቅ አገኙና ገቡባት። ነጋዴ ለመባል በርከት ያለ ገንዘብ አስገብቶ ቤቱን በራስ ማስተዳደር ያስፈልግ ነበር፤ አንድ ድሃ ሰው ብቻውን አይችለውም። ስለዚህ ዘመድና የአገር ልጅ ገንዘብ አዋጡ፣ ምግብ ቤት ከፈቱ፣ ሥራ አስኪያጅነቱን ደግሞ በየተራ ያዙት። ተራው የደረሰው ሰው በነጋዴነቱ ወጥቶ መግባትና ቤተሰቡን ማምጣት ይችላል፤ ከዚያ ለሚቀጥለው ይለቃል። ቻይናውያን «ሁይ» የሚሉት የገንዘብ ማኅበር አላቸው። እኛ እቁብ እንለዋለን። ያ ሁሉ የቻይና ምግብ ቤት በአሜሪካ ከተሞች የበዛው በከፊል በእንዲህ ያለ እቁብ ነው።

ሰው የተከፈተለት በር አንድ ብቻ ሲሆን በዚያ በር የሚያልፍ ምግብ ይሠራል። ገዢው ጣፋጭ ከወደደ ያጣፍጠዋል፣ አጥንት ከጠላ አጥንቱን ያወጣለታል። ዛሬ በየገበያ ማዕከሉና በየአውሮፕላን ማረፊያው የምናየው ባንኮኒ የዚያ ልጅ ነው። አንድሩ ቸርንግ ከአብሳይ አባቱ ጋር ሆኖ በ1973 ፓሳዴና፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ፓንዳ ኢንን ከፈተ፤ በ1983 ደግሞ ግሌንዴል የገበያ ማዕከል ውስጥ የመጀመሪያው ፓንዳ ኤክስፕረስ ተከፈተ። ባለቤቱ ፔጊ በኤሌክትሪካል ምሕንድስና ዶክትሬት ያላት ሴት ናት፤ ሙያዋን ትታ ከሩዝና ከዶሮ ጋር ቆመች። ዛሬ ከሁለት ሺህ በላይ ቅርንጫፍ አላቸው።

እኛስ? ዋሽንግተን ላይ «ማማ ደስታ» የተባለው የኢትዮጵያ ምግብ ቤት በ1978 ሲከፈት ጤፍ እንደልብ የሚገኝበት ዘመን አልነበረም። እናቶቻችን በስንዴ፣ በገብስ፣ በሩዝና በበቆሎ ዱቄት እንጀራ ለመጋገር ስንት ጊዜ ሞከሩ። አንዳንዱ ራሱ የሚነፋ ዱቄት ላይ ጋዝ ያለው ውኃ ጨምሮ ዐይን ያወጣ ነበር። አይዳሆ ውስጥ ጤፍ መዘራት የጀመረው በ1980ዎቹ ነው፤ ዛሬም ቢሆን ብዙ ምግብ ቤት ይቀላቅላል። ያን የስንዴ እንጀራ እውነተኛ አይደለም የሚል ካለ፣ ልጅ ያሳደገው እሱ ነው እለዋለሁ። ቻይናዊው ስለ ብርቱካኑ ዶሮ ቢጠየቅ ይህንኑ የሚለኝ ይመስለኛል።

እዚያ ባንኮኒ ላይ ያየሁት ይህን ነው። በሩን መጀመሪያ የከፈቱት ቻይናውያን ናቸው። ዛሬ መጥበሻውን የሚያገላብጠው የኤል ሳልቫዶር ልጅ ነው፤ ጭልፋውን የያዙት የደብረ ብርሃን እናት ናቸው። አንዱ ስደተኛ የከፈተውን በር ለሚቀጥለው ይለቅለታል። የሚቀጥለው ደግሞ ባዶ እጁን አይገባም፤ የራሱን ነገር ይዞ ይገባል። እሳቸው ደብተራቸውን ይዘው ገቡ። እዚያ ሰሌዳ ላይ ያልተጻፈ፣ ድርጅቱም የማያውቀው የጾም ምግብ ዝርዝር በአማርኛ ተጽፎ ሽርጣቸው ኪስ ውስጥ አለ። ምሳዬን ምሳ ያደረገው እሱ ነው።

አገር ቤት እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ጾመኛ ነህ?» ተብሎ ነው። ይህ ጥያቄ ሰውን ማክበር ነው፤ ከማብላት በፊት የማይበላውን ማወቅ። እኔ ያን ጥያቄ ሰው ሁሉ ሻንጣ እየጎተተ በሚሮጥበት፣ ማንም ማንንም በማያይበት ቦታ ተጠየቅሁ።

እባካችሁ፣ በአውሮፕላን ማረፊያ ስታልፉ ከባንኮኒው ኋላ ያለውን ሰው ቀና ብላችሁ እዩት። ወገን ከመሰላችሁ «እንደምን ዋላችሁ» በሉ፤ ከሌላ አገር ከሆነም ፈገግታችሁን አትንፈጉት። ስልክ ጆሯችሁ ላይ አድርጋችሁ በጣት ብቻ አትዘዙ። የቆመው ሰው ስለምትበሉት ነገር ከእናንተ የበለጠ ያውቃል። እንደ እኔ ያለውን ሰው ሲጠብቅም የቆመ ሊሆን ይችላል።

ስሰናበታቸው «ስምዎን ማን ልበል? በጸሎት ላስብዎት» አልኳቸው። የክርስትና ስማቸውን ነገሩኝ፤ እሱን ለራሴ ይዤዋለሁ። ከዚያ በላስቲክ የታሸገች፣ ውስጧ ወረቀት ያለባትን ብስኩት እጄ ላይ አኖሩልኝ። ይህችም ብስኩት ስደተኛ ናት፤ ሥሯ ጃፓን ነው ይባላል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ በ1942፣ ጋጋሪዎቿ ጃፓናውያን ከካሊፎርኒያ ተግዘው ካምፕ ሲገቡ ሥራው በቻይናውያን እጅ ቀረ።

«እሷ ደግሞ እንቁላል አላት፤ ለፋሲካ አቆያት» አሉኝ።

አሁን ኩሽናዬ መደርደሪያ ላይ፣ ከእናቴ በርበሬ አጠገብ ተቀምጣለች። ልጄ በየቀኑ «ውስጧ ምን ተጽፏል?» ይለኛል፤ ጠብቅ እለዋለሁ። የፋሲካ ሌሊት ዶሮ ወጡ ሲወጣ ከእንቁላሉ ጋር ገበታው ላይ አቀርባታለሁ፤ የእኚያን እናት ስም ጠርቼ እኛው ቤት ትቆረሳለች።