ከመቻራ ዋሻዎች እስከ መድን ክፍያ

በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ የምንኖር ብዙዎቻችን፣ እንግዳ ሲመጣብን ቨርጂኒያ ወደሚገኘው የሉሬይ ዋሻ እንወስዳለን። የዋሻው አየር በሐምሌ ሙቀትም ሆነ በጥር ብርድ ከ12 ዲግሪ ሴልሺየስ ብዙም አይርቅም። ጥልቅ ዋሻ ውስጥ የሚሰማን የአካባቢው ዓመታዊ አማካይ ሙቀት ነው፤ የወቅቱ መለዋወጥ በዓለቱ ውፍረት ተጣርቶ ይቀራል። እኛ ኢኮኖሚስቶች አማካዩን ከሁከቱ ለመለየት ስንት ቀመር እንደምናባክን ለሚያውቅ፣ ዋሻ የሚያስቀና መሣሪያ ነው።

ለሙያዬ ይበልጥ የሚቀርቡኝ ግን በምዕራብ ሐረርጌ፣ በመቻራ አካባቢ ያሉት ዋሻዎች ናቸው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የሥነ ምድር ተመራማሪ አስፋወሰን አስራትና ባልደረቦቻቸው የእነዚህን ዋሻዎች አየርና የጠብታ ሁኔታ ተከታትለዋል፤ ከወለሉ ሽቅብ የበቀሉትን የኖራ ድንጋይ ዓምዶችም መርምረዋል። ዝናቡ በአፈሩ ሰርጎ ድንጋዩን እያሟሟ ይወርዳል፤ ከጣሪያው ሲንጠባጠብም ስስ ንብርብር ይተዋል። በአንዳንዶቹ ዓምዶች ላይ ንብርብሩ እንደ ዛፍ ቀለበት ዓመት በዓመት ይቆጠራል። ዕድሜው በዩራኒየምና በቶሪየም ይሰላል፤ የኦክስጅን አይሶቶፖቹ ደግሞ፣ ምስክርነታቸው ቀጥተኛ ባይሆንም፣ ስለ ዝናቡ ይናገራሉ። ከ5,000 ዓመት ገደማ በፊት ካደገ አንድ ዓምድ የተነበበው፣ ዝናቡ በአሥርት ዓመታት ዙር ሲበዛና ሲቀንስ እንደነበረ ነው።

ይህ ለጂኦሎጂስቶች ብቻ የሚተው ጉዳይ አይደለም። በዓለም ሚቲዎሮሎጂ ድርጅት መስፈርት «መደበኛ» የአየር ንብረት ማለት የ30 ዓመት አማካይ ነው። ለሰብል መድን የሚያገለግለው ቺርፕስ የተባለው የዝናብ መረጃም የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ1981 ነው። ዝናቡ በአሥርት ዓመታት የሚፈራረቅ ከሆነ፣ በእጃችን ያለው ሠላሳ ነጻ ምልከታ ሳይሆን የአንድ ወይም የሁለት ዙር ምስክርነት ነው። በዚህ ላይ ተሰልቶ የሚወጣውን ክፍያ የሚሸከመው ደግሞ የሐረርጌ ማሽላ አምራች ነው።

«የዓለሙን ሞዴል ወደ እኛ እናውርደው» የሚለው የተለመደ መልስም አያሳምነኝም። የሶፍ ዑመርን ዋሻ በኖራ ድንጋይ ውስጥ የፈለፈለው የዌብ ወንዝ የሚነሣው ከባሌ ተራሮች ነው፤ እዚያ ከፍታ ላይ በአንድ ዘመን የበረዶ ግግር ተዘርግቶ ነበር። በ2021 በታተመ ጥናት መሠረት፣ ግግሩ የተስፋፋው ከ42,000 እስከ 28,000 ዓመታት በፊት ነው፤ የዓለም በረዶ ጣሪያው ላይ የደረሰው ግን ከ21,000 ዓመት ገደማ በፊት። በሰነቴ አምባ ላይ ያ ዘመን የደረደራቸው ግዙፍ የድንጋይ መስመሮች ዛሬም ይታያሉ። ባሌ የዓለምን አማካይ አልጠበቀችም።

እናም የመድን ቀመር የሚሠሩ ባልደረቦቼን የምጠይቀው ቀላል ነገር ነው፦ የክፍያውን መጠን ከመወሰናቸው በፊት የመቻራን መዝገብ ከስሌታቸው ያስገቡ፤ በዋሻዎቹ ውስጥ የጠብታ መለኪያ ለዓመታት የሚያቆይ በጀትም ይመደብ። ወጪው ከአንድ የአማካሪዎች ዐውደ ጥናት የሆቴል ሒሳብ የሚበልጥ አይመስለኝም።