ሹመትን ስለ መፍራት

የቤተ ክርስቲያን ሹመት ነገር በሚነሣበት ማኅበር ሁሉ ሰዎች አስቀድመው የሚጠይቁት ስለ ዕውቀት ነው። ድጓ ዘልቋልን፤ ቅኔ ተቀኝቷልን፤ መጻሕፍትን ከመምህር አፍ ሰምቷልን ይላሉ። ጥያቄው የሚገባ ነው፤ ያላወቀ ሰው ሌላውን ሊያሳውቅ አይችልምና። ነገር ግን ቅዱስ ጳውሎስ በኤፌሶን ለነበረው ለጢሞቴዎስና በቀርጤስ ለነበረው ለቲቶ ስለ ኤጲስ ቆጶስ በጻፈ ጊዜ፥ ከዘረዘረው ብዙ ነገር ውስጥ የማስተማር ችሎታ አንዱ ብቻ ነው። የቀረው ሁሉ ማለት ይቻላል የጠባይ ነገር ነው፤ ስለ መጠጥ፥ ስለ ቍጣ፥ ስለ ገንዘብ፥ ስለ ቤት አያያዝ፥ ስለ እንግዳ አቀባበል፥ በውጭ ያሉ ሰዎችም ስለ እርሱ ስለሚሰጡት ምስክርነት ነው። ይህን ክፍል ባነበብሁ ቍጥር የሚያስገርመኝ ሐዋርያው ድንቅ ነገር አንድም አለመጠየቁ ነው። ሙት የሚያስነሣ ወይም ደመና የሚጠቅስ ሰው ፈልጉ አላለም። የጠየቀው አንድ ደኅና ባለቤት ከጎረቤቱ ጋር ተስማምቶ ለመኖር የሚያስፈልገውን ያህል ነው። ይህም ቀላል መስሎ የታየው ሰው ካለ ሚስቱን ይጠይቅ።

አዲስ አማኝ እንዳይሾምም ሐዋርያው አስጠንቅቋል፤ የፈራውም ትዕቢትን ነው። አባቶችም ይህን በሥርዓት አጸኑት። በፈረንጅ አቆጣጠር በ325 ዓ.ም. በኒቅያ የተሰበሰቡት ሠለስቱ ምእት በሁለተኛው ቀኖናቸው፥ ከአሕዛብ ወገን ትናንት መጥቶ ዛሬ የተጠመቀ ሰው ነገ ለቅስና ወይም ለጵጵስና እንዳይቀርብ ከለከሉ። ከዚያም ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ በኒዮቂሳርያ የተደረገው ጉባኤ ቄስ 30 ዓመት ሳይሞላው አይሾም ብሎ ነበር፤ ጌታችን የተጠመቀውና ማስተማር የጀመረው በዚያ ዕድሜ ነውና። ዲድስቅልያ ደግሞ ኤጲስ ቆጶስ ከ50 ዓመት እንዳያንስ ያዝዛል። ዳሩ ግን ያው መጽሐፍ በታናሽ አጥቢያ እንዲህ ያለ ሽማግሌ ባይገኝ በጎ ምስክር ያለው ወጣት ይሾም ዘንድ ይፈቅዳል። ሕግ ሠሪዎቹ ሽበት ብቻውን ብስለት አለመሆኑን ያውቁ ነበር ማለት ነው። ራሱ ጢሞቴዎስም ወጣት ነበረ።

በሀገራችን ይህ ሥርዓት ብዙ ጊዜ በችግር ምክንያት ሳይፈጸም ቀርቷል። ጳጳስ ከእስክንድርያ ይመጣ በነበረበት በዚያ ረጅም ዘመን ለሰፊው ሀገር የሚበቃ ጳጳስ አልነበረም፤ አንዱ ሲሞትም ሌላው እስኪመጣ ብዙ ዓመት ያልፍ ነበር። በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1520 እስከ 1526 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የተቀመጠው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፥ አቡነ ማርቆስ በአንድ ቀን ከ2,000 በላይ ሰዎችን ሲሾሙ እንዳየ ጽፏል። ጳጳሱ ሸምግለው ነበርና ከእርሳቸው በኋላ ማን መቼ እንደሚመጣ የሚያውቅ አልነበረም። ሁለት ሺህ ሰው በአንድ ቀን እየመረመሩ መሾም እንደማይቻል ለማወቅ ብዙ መራቀቅ አያስፈልግም። እንግዲህ የእነዚያ ዘመናት ሰዎች ይቅርታ ይገባቸዋል፤ ችግር አስገድዷቸዋልና። እኛ ግን ዛሬ ጳጳሳትም መምህራንም የቅርብ ስለ ሆኑልን ያንኑ ጥድፊያ ብንቀጥል የምናቀርበው ምክንያት ምን እንደሆነ አላውቅም።

ታዲያ ዕድሜም ዕውቀትም ብቻቸውን ካልበቁ የበሰለው ሰው በምን ይታወቃል? እኔ የአባቶችን ታሪክ ሳነብ ደጋግሜ የማገኘው አንድ ነገር አለ። ለእረኝነት የበሰለ ሰው ከመሾሙ በፊት ሹመቱን ይፈራል፤ ከተሾመ በኋላ ግን መንጋውን አይተውም። ያልበሰለው ይህን ይገለብጠዋል፤ ከመሾሙ በፊት ይሮጣል፥ ከተሾመ በኋላ ይሸሻል።

ጎርጎርዮስ ዘእንዚናዙ በፈረንጅ አቆጣጠር በ361 ዓ.ም. ገደማ የገዛ አባቱ፥ የከተማው ኤጲስ ቆጶስ፥ ያለ ፈቃዱ ቅስና በሾመው ጊዜ ደንግጦ ወደ ወዳጁ ወደ ባስልዮስ ሸሸ። ጥቂት ወራት ቆይቶ ለፋሲካ ተመለሰና ስለምን እንደ ሸሸ ስለምንስ እንደ ተመለሰ ረጅም ድርሳን ጻፈ። ነፍስን ማከም ሥጋን ከማከም እጅግ እንደሚከብድ በዚያ ድርሳን አስረድቷል። ቅዳሴው ከዐሥራ አራቱ ቅዳሴያችን አንዱ የሆነው ዮሐንስ አፈ ወርቅም በወጣትነቱ ሹመት እንደ ተዘጋጀለት በሰማ ጊዜ ተደብቆ፥ ወዳጁን ግን ለሹመት አሳልፎ ሰጥቶታል፤ ወዳጁ በተቈጣው ጊዜም ምክንያቱን ስለ ክህነት በጻፋቸው በስድስቱ መጻሕፍት ተናገረ። (ወዳጁን ማታለሉን እኔ እስከ ዛሬ አልወደድሁለትም፤ ድርሳኑን ግን ክህነት የሚፈልግ ሰው ሁሉ ሳያነብበው እንዳያልፍ እመኛለሁ።)

የእኛውስ ከሳቴ ብርሃን? ፍሬምናጦስ በልጅነቱ ተማርኮ በአክሱም ቤተ መንግሥት አደገ፤ ንጉሡም ከሞተ በኋላ አልጋ ወራሹ እስኪያድግ ድረስ መንግሥቱን በመጠበቅ ንግሥቲቱን ረዳ። ነጻነት ባገኘ ጊዜ ወደ እስክንድርያ ወርዶ አትናቴዎስን የለመነው ለእነዚያ ክርስቲያኖች ጳጳስ እንዲልክላቸው ነው። ለሌላ ሰው ለመነ፥ ለራሱ ተሰጠው። በሹመት ታሪክ ውስጥ ከዚህ የበለጠ የሚያምር ነገር እኔ አላነበብሁም።

ነገር ግን ስለ ፍርሃት ስናገር ሐሰተኛውን ፍርሃት መርሳት አይገባም። አንዳንድ ሰው አይገባኝም እያለ ይሸሻል፤ ዳሩ ግን በየት በኩል እንደ ሸሸ ለፈላጊዎቹ አስቀድሞ ያስታውቃል። እንደዚህ ያለውን ሰው ሁለት ጊዜ ብቻ መለመን ይበቃል፤ በሦስተኛው ካልለመኑት ይቀየማል። እውነተኛው ፍርሃት የሚታወቀው የሚፈራው ነገር ምን እንደ ሆነ በመጠየቅ ነው። ሰው ምን ይለኛል ብሎ የሚፈራ አለ፤ ስለ አንዲት ነፍስ እጠየቃለሁ ብሎ የሚፈራም አለ። እነዚህ ሁለቱ በመልክ ይመሳሰላሉ፥ የሚለያዩት መከራ ሲመጣ ነው።

መከራ ሲመጣ መንጋን አለመተው ሲባል ከወንበር አለመነሣት ማለት ብቻ አይደለም። ወታደሮች በፈረንጅ አቆጣጠር በ356 ዓ.ም. ቤተ ክርስቲያኑን በከበቡ ጊዜ አትናቴዎስ አምልጦ ወደ ገዳማት ሄደ፤ ጠላቶቹም ፈሪ አሉት፤ እርሱም ስለ መሰደዱ መልስ ጻፈ። ንጉሡ ቈንስታንጢዮስ በዚያን ጊዜ ወደ አክሱም፥ ወደ ዒዛናና ወደ ሳይዛና፥ ፍሬምናጦስን ወደ እስክንድርያ ስደዱልኝ፥ ጊዮርጊስ ይመርምረው ብሎ የላከው ደብዳቤ ዛሬ የሚገኘው አትናቴዎስ ለንጉሡ በጻፈው በመልሱ ውስጥ ነው። አትናቴዎስ በበረሃ ሲቀመጥ ዝም አላለም፤ ለመነኮሳቱም ለጳጳሳቱም ይጽፍ፥ ያጸና ነበር። እግሩ ከከተማው ወጣ እንጂ እጁ ከመንጋው አልወጣም። ጎርጎርዮስም በ381 ዓ.ም. የቍስጥንጥንያን መንበር የለቀቀው ጉባኤው በእርሱ ምክንያት እንዳይከፈል ነው፤ ይህንም እኔ ሽሽት አልለውም። ወንበርን ስለ መንጋ መልቀቅና መንጋን ስለ ራስ መልቀቅ አንድ አይደሉም።

አፈ ወርቅ ግን በወጣትነቱ ያመለጠው ቀንበር በስተኋላ በሙሉ ክብደቱ አረፈበት። በ398 ዓ.ም. የቍስጥንጥንያ ኤጲስ ቆጶስ ሆነ፤ በመንበሩ ቤት ይደረግ የነበረውን ግብዣ አስቀርቶ ገንዘቡን ለድውያን ማደሪያ አዋለው። በ403 ዓ.ም. በእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት በቴዎፍሎስ መሪነት የከሰሱት ሰዎች ካቀረቡበት ክስ አንዱ ብቻውን ይበላል የሚል ነው። ይህን ሳነብ መጀመሪያ ሳቅሁ፥ ኋላ ግን አዘንሁ። ቴዎፍሎስ ያልተማረ ሰው አልነበረም፤ ከሳሾቹም መጻሕፍትን የሚያውቁ ነበሩ። በማግሥቱ ዓመት ተሰደደ፥ በ407 ዓ.ም. በመንገድ ደክሞ በኮማና ሞተ። በስደቱም ሳለ ለወዳጆቹና ለካህናቱ የጻፋቸው ደብዳቤዎች ብዙዎቹ እስከ ዛሬ አሉ።

ከእኛ ወገን አቡነ ጴጥሮስን ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። በ1921 ዓ.ም. ከሌሎች ኢትዮጵያውያን አባቶች ጋር በካይሮ ጵጵስና የተቀበሉት እኒህ አባት በሹመት የቆዩት ሰባት ዓመት ብቻ ነው። አርበኞች አዲስ አበባን ለማስለቀቅ ባደረጉት ጦርነት ሳይሳካላቸው ቀርቶ እርሳቸው በጠላት እጅ በወደቁ ጊዜ፥ የተጠየቁት አርበኞቹን እንዲያወግዙ ነበር። አላወገዙም። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በአደባባይ በጥይት ተገደሉ። አቡነ ሚካኤልም በ1929 ዓ.ም. በጎሬ ተከተሏቸው። በዚያ ወራት ሌላ መንገድ የመረጡ አባቶችም ነበሩ፤ በእነርሱ ላይ ለመፍረድ የእኔ ወንበር አይበቃም። አንድ ነገር ብቻ እላለሁ፤ በዚያች ሰዓት ማንም የአቡነ ጴጥሮስን የድጓ ዜማ አልመረመረም።

ይህን ሁሉ የማሰላስለው ያለ ምክንያት አይደለም። በምኖርበት አጥቢያ አንድ ዲያቆን ለቅስና ታጭቷል፤ እኔም ከሽማግሌዎቹ አንዱ ነኝና በምስክርነቱ ወረቀት ላይ እንድፈርም ተሰጥቶኛል። አባቱ የሃያ ዓመት ጎረቤቴ ነው። ልጁ በቁርባን ካገባ ገና ዓመት አልሞላውም፤ ድምፁ ያማረ፥ ትምህርቱም የተመሰገነ ነው። የቤተ ክርስቲያናችን ደወል መቺ ሽማግሌ ታሞ በተኛ ጊዜ ሦስት ሌሊት ከአጠገቡ ተቀምጦ ያደረ እርሱ ብቻ ነው፤ ይህን በዐይኔ አይቻለሁ። ነገር ግን በጥር በአስተርእዮ ማርያም ማኅሌት መሪጌታ ዜማውን በሰው ፊት ባረሙት ጊዜ መቋሚያውን አስቀምጦ ወጣ፤ ሁለት ሳምንትም ሳይመጣ ቀረ። ከሕመም ያልሸሸው ልጅ ከዕፍረት ሸሸ።

አባቱ ባለፈው ሳምንት በደጄ ሲያልፍ፥ «ጋሼ፥ እርስዎ ያሳደጉት ልጅ አይደለምን? ይፈርሙለት እንጂ፤ ካባው እኮ ተሰፍቷል» አለኝ። ካባው ቢሰፋም ልቡ ገና በልክ አልተሰፋለትም ብዬ መመለስ ቃጣኝ፥ ነገር ግን አባት ነውና ተውሁት። ልጁን ግን ብቻውን አግኝቼ፥ «መሪጌታን ይቅርታ ጠይቀሃልን?» አልሁት። ዝም አለ፤ ፊቱም ቀላ። ቄስ በሆነ ጊዜ የሚያርሙት ሰዎች እንደሚያንሱ፥ ስለዚህም መታረምን ዛሬ ካልተማረ የሚያስተምረው እንደማያገኝ ነገርሁት። እንደ ተቀየመኝ አየሁ። አባቱም ከዚያ ቀን ወዲህ ሰላምታው ቀዝቅዟል።

ጉባኤው የሚቀመጥ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ነው፤ ወረቀቱም ሳይፈረም በመሳቢያዬ ውስጥ አለ። ትናንት ከቅዳሴ በኋላ ልጁ መሪጌታን ክንዳቸውን ይዞ የደጀ ሰላሙን ደረጃ ሲያወርዳቸው ከሩቅ አየሁት። ምን እንደ ተነጋገሩ አልሰማሁም።