ስለ አንድ ቀላል ግጭትና ስለ ተከተለው ነገር

አውቶሞቢል ወደ አገራችን ከገባ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ቤድ ቤንትሌይ የተባለው እንግሊዛዊ በ1900 ዓ.ም. አውቶሞቢል አዲስ አበባ አድርሶ ለዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ካቀረበ ወዲህ፣ ሕዝባችን ከዚህ መሣሪያ ጋር ቀስ በቀስ እየተላመደ ሄዶ ሕመሙንም መድኀኒቱንም ለይቶ ዐውቋል። የአካሎቹን ስም በአብዛኛው የተቀበልነው ከጣሊያኖች ነው፤ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ካንዴላ፣ ፓራፋንጎ እንላለን፤ የተጣመመውን ላሜራ ቀጥቅጦ የሚያቀናውንም ሰው ባትላሜራ እንለዋለን። ዛሬ በመርካቶ የሚሠራ የጋራዥ ልጅ እነዚህን ቃላት ሲናገር ከባዕድ የመጡ መሆናቸውን አያስበውም፤ የአያቱ ቋንቋ ሆነዋልና።

ከስሞቹ ጋር አንድ ሥርዐትም አብሮ ተተክሏል። ሁለት አውቶሞቢሎች በመንገድ ላይ ተነካክተው ባለቤቶቹ መነታረክ ሲጀምሩ፣ ከአላፊ አግዳሚው መካከል አንድ ጠጉሩ የሸበተ ሰው ማንም ሳይጠራው ገብቶ ሽማግሌ ይሆናል። ጎንበስ ብሎ የጎደጎደውን ያያል፤ በመዳፉ ይዳብሰዋል፤ «ይህ እኮ ባትላሜራና ቀለም ነው» ይልና ዋጋ ይቆርጣል። ጥፋተኛው ይከፍላል፤ ተበዳዩም «ይቅር ለእግዜር» ብሎ መንገዱን ይቀጥላል። ይህን ልማድ ኋላ ቀር ነው እያሉ የሚነቅፉ አሉ፤ እኛ ግን ከነቃፊዎቹ ወገን አይደለንም። ያለ መዝገብና ያለ ቀጠሮ በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚያልቅ ፍርድ በሌላ ቦታ አላየንምና። ዳሩ ግን ይህ ፍርድ የቆመበት አንድ መሠረት አለ፤ ይኸውም ጉዳቱ በዓይን የሚታይ፣ በእጅ የሚዳሰስ መሆኑ ነው።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ከውጭ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ በኤሌክትሪክ የሚሄዱት በአዲስ አበባ መንገዶች ላይ እየበዙ መጥተዋል። እኛም ባልና ሚስት፣ ሁለታችንም መምህራን ስንሆን፣ ከቁጠባና ብድር ማኅበራችን በተበደርነው ገንዘብ ላይ የእቁብ ዕጣችንን ጨምረን በቻይና አገር የተሠራች አንዲት መጠነኛ አውቶሞቢል ገዛን። ብድሩ ገና አራት ዓመት ይቀረዋል። ይህን የምንናገረው ለወሬ ማጣፈጫ ሳይሆን፣ ቀጥሎ የሚመጣው ነገር ስለ ምን እንቅልፍ እንደ ነሣን አንባቢ እንዲረዳልን ነው።

በ2018 ዓ.ም. በጥቅምት ወር፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከጎተራ ወደ ሳሪስ በዝግታ ስንሄድ፣ ተሳፋሪ አይቶ ወደ ዳር የተጣደፈ ሚኒባስ የግራ ፓራፋንጎአችንን ገፍቶ በእግረኛው መንገድ ጠርዝ ድንጋይ ላይ አወጣን። የተጎዳ ሰው አልነበረም። ፓራፋንጎው ጎደጎደ፤ ፓራውልቱ ከአንድ ጎኑ ተላቀቀ፤ ከእግራችን በታችም ድንጋዩ ሲፈገፍግ አንድ ክፉ ድምፅ ሰማን። ቢበዛ የሦስት ሴኮንድ ነገር ነው።

ወዲያው ሕዝብ ተሰበሰበ። የሚኒባሱ ሾፌር ሃያ ሦስት ዓመት የማይሞላው ልጅ ነበር፤ «ጋሼ፣ እትዬ፣ በእናታችሁ ፖሊስ አትጥሩብኝ፤ መኪናው የሰው ነው» እያለ ይለምን ጀመር። እንደ ልማዱም አንድ ከዘራ የያዙ አዛውንት ወደ መካከል ገቡ። ጎንበስ ብለው ፓራፋንጎውን ሊዳብሱ እጃቸውን ሲዘረጉ፣ ከኋላ አንድ ሰው «ኧረ አባባ አይንኩት፤ ኤሌክትሪክ ነው፤ ይይዝዎታል!» ብሎ ጮኸ። አዛውንቱ እጃቸውን ሰበሰቡ፤ ሕዝቡም እንደ አንድ ሰው ሆኖ ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ አፈገፈገ። ከዚያ በኋላ ሽምግልናው የተካሄደው ከሩቅ ነበር።

አዛውንቱ ከቆሙበት ሆነው 18 ሺህ ብር ቈረጡ። ለሚታየው ጉዳት ዋጋው ደግ ነበር። እኛን ያሳሰበን ከታች የሰማነው ድምፅ ነው። የዚህ ዓይነቱ አውቶሞቢል ዋና ሀብቱ ከኮፈኑ ሥር አይደለም። ባትሪው እንደ ጠፍጣፋ ሣጥን ሆኖ በፊትና በኋላ ጎማዎች መካከል ከወለሉ በታች ተዘርግቷል፤ በውስጡ ብዙ ሴሎች ተደርድረው ሲያያዙ፣ በብዙዎቹ አውቶሞቢሎች ወደ 400 ቮልት የሚጠጋ ኀይል ይሰጣሉ። ከአውቶሞቢሉም ዋጋ ትልቁን ድርሻ የሚወስደው ይህ ሣጥን ነው። ሣጥኑ ተሰንጥቆ ውሃ ቢገባበት፣ ወይም ከሴሎቹ አንዱ ተጨፍልቆ ውስጥ ለውስጥ ቢነካካ፣ የተጎዳው ሴል እየጋለ ሄዶ ጎረቤቱን ያግላል፤ እሳቱም በግጭቱ ሰዓት ሳይሆን ከሰዓታት፣ አንዳንድ ጊዜም ከቀናት በኋላ ሊነሣ ይችላል። እርግጥ ነው፣ ቤንዚንም ይነዳል፤ በኤሌክትሪክ የሚሄደው ከቤንዚኑ አብልጦ ይቃጠላል የሚለው የሰፈር ወሬም ማስረጃ የለውም። ነገር ግን የቤንዚን መፍሰስ በሽታው ያስታውቃል፤ የተጎዳ ሴል ግን ዝም ብሎ የሚቆይበት ጊዜ አለው።

«ይይዝዎታል» ብሎ የጮኸው ሰውም በመሠረቱ ተሳስቷል። ከፍተኛው ኀይል የሚተላለፈው ብርቱካንማ ቀለም ባለው መሸፈኛ በተጠቀለሉ ገመዶች ነው፤ ከአውቶሞቢሉ ላሜራ ጋርም እንዳይገናኝ ተለይቶ ተሠርቷል፤ ብርቱ ግጭት በደረሰ ጊዜም መሣሪያው ራሱ ኀይሉን ይቆርጠዋል። ፓራፋንጎውን መዳበስ የሚያስፈራ ነገር አልነበረውም። ሊፈራ የሚገባው ማንም ሊዳብሰው የማይችለው ስፍራ ነበር።

ስለዚህ እዚያው እንድንፈርም የቀረበልንን የይቅርታ ወረቀት አልፈረምንም። ትራፊክ ፖሊስ መጥቶ ፕላን አነሣ፤ የልጁንም መንጃ ፈቃድ ተቀብሎ ሄደ። ልጁ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ረዳቱ ግን፣ አሥራ ስድስት ዓመት ቢሆነው ነው፣ «18 ሺህ ብርም አልበቃችሁ?» ብሎ በጥላቻ ተመለከተን። ያ አስተያየት ከፓራፋንጎው ይልቅ ሲከነክነን ሰነበተ።

አውቶሞቢሊቱን ወደ ቤት ማድረስ ራሱን የቻለ ጣጣ ሆነ። የነዳጁን ገመድ አስረው ይጎትቱታል፤ የኤሌክትሪኩ ግን ሞተሩ የሚያሽከረክራቸው ጎማዎች መሬት እየነኩ ቢጎተት፣ ሞተሩ ሳይፈለግ ኤሌክትሪክ ያመነጫልና ጉዳት ይደርስበታል። ስለዚህ በጭነት መኪና ላይ ተጭና መሄድ ነበረባት፤ ጫኚው የመጣውም ከመሸ ነው። ይህ ሁሉ ሲሆን ከመሪው ጎን ባለው ስክሪን ላይ አንድ ቢጫ ምልክትና አንድ መስመር የቻይና ጽሕፈት እንደ በራ ነበር። ከመካከላችን የሚያነበው አልነበረም። በዩኒቨርሲቲ ቻይንኛ የተማረች የጎረቤታችን ልጅ መብራት ይዛ መጥታ አየችውና፣ «የፊቱ ርቀት ለኪ አይሠራም ነው የሚለው» አለችን። «ስለ ባትሪውስ?» ብንላት «ስለ ባትሪው ምንም አይልም፣ እትዬ» ብላ መለሰች። ምንም አለማለቱ ደኅንነቱን ማወቁ ነው ወይስ ጉዳቱን አለማወቁ? ያን ሌሊት ይህንን ስንመላለስበት ዐደርን።

ኩሽናችን ከእንጨትና ከቆርቆሮ የተሠራ ነው፤ መኪና ማቆሚያውም ከእርሱ ጋር ተጎራብቷል። ባትሪው ተጎድቷል ተብሎ የሚጠረጠር አውቶሞቢል ከቤት 15 ሜትር ያህል ርቆ በገላጣ ስፍራ እንዲቆም ባለሙያዎች ይመክራሉና፣ ከሰፈሩ ኳስ ሜዳ ዳር አቆምናት። የሰፈሩ ዘበኛ ሌላ ጊዜ ብርዱን ለመሸሽ መኪና ተጠግቶ ነበር የሚቀመጠው፤ ያን ምሽት ግን ወንበሩን አንሥቶ ወደ ማዶ ተሻገረ።

በማግሥቱ እሑድ የልጁ እናት ከእድራቸው ዳኛ ጋር ሆነው ቤታችን መጡ። ቡና ቀረበ፤ እርሳቸው ግን ሲኒውን ይዘው አልጠጡም። «ልጆቼ» አሉን፣ «የሚታየውን ነጠላዬንም ሸጬ ቢሆን እንክፈላችሁ። የማይታየውን ግን ማን አይቶ ይፈርድብናል? ዛሬ ደኅና ነው ብላችሁ ነገ ከፋ ብትሉን፣ ልጄ መቼ ነው ነጻ የሚወጣው?» መልስ አጣንላቸው። በ2005 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 799 ባለ ተሽከርካሪ ሁሉ በሦስተኛ ወገን ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት መድን እንዲገባ ያስገድዳል፤ ሚኒባሱም መድን ነበረው። ዳሩ ግን በዚህ መድን የሚከፈለው ገንዘብ ልክ ተወስኖለታል፤ ባትሪው ተበላሽቶ ቢገኝ ዋጋው ከልኩ እጅግ ያልፋል። የተረፈው በማን ላይ እንደሚወድቅ እናትዮዋም እኛም ዐውቀነዋል። በአንድ በኩል የአራት ዓመት ዕዳ ያለብን እኛ፣ በሌላው በኩል ለባለ ንብረቱ በየማታው የቀን ገቢ የሚያስረክብ ልጅ ነበርን።

መላ ያገኙት የእድሩ ዳኛ ናቸው። እኒህ ሰው ጡረታ የወጡ ናቸው፤ ስለ ኤሌክትሪክ አውቶሞቢልም ያን ቀን እንደ ሰሙ ነገሩን። «እንግዲያው የምርመራው ቀን አንድ ይሁን» አሉ። «ሁላችንም እንገኝ። ያን ቀን የታየ ጉዳት የልጁና የባለ ንብረቱ ይሁን፤ ያን ቀን ያልታየ ግን የእናንተ ዕጣ ይሁንና ከዚያ ወዲያ ማንም ማንንም አይጠይቅ።» ለእኛ የሚያስፈራ ውል ነበር፤ ነገር ግን ከዚህ የተሻለ ፍርድ ልናመጣ አልቻልንም። የአሥር ቀን ጊዜ ተቀጠረ።

መጀመሪያ የሄድንበት ጋራዥ አውቶሞቢሊቱን ሳያነሣ፣ ከሥሯም ሳይመለከት፣ ባትሪው በሙሉ ይለወጥ ብሎ የዋጋ ወረቀት ሰጠን፤ ዋጋውም አውቶሞቢሊቱን ከገዛንበት ከግማሽ በላይ ነበር። «ምን ሆኖ አገኛችሁት?» ብንል «ከታች የተነካ ባትሪ ይለወጣል» አሉን። ሐኪም ልብ ሳያዳምጥ ልብ ይቀየር ቢል ምን ይባላል? ወረቀቱን ለልጁ እናት አላሳየናቸውም።

ሁለተኛውን ያገኘነው ወደ ቃሊቲ፣ ከአንድ የባትላሜራ ቤት ጓሮ ነው። ባለሙያው ወጣት ነው፤ ኮምፒዩተሩን በአሮጌ ስቱኮ ጣሳዎች ላይ አስቀምጦ ይሠራል። በቀጠሮው ቀን እኛ፣ ልጁ፣ እናቱ፣ የሚኒባሱ ባለ ንብረትና የእድሩ ዳኛ በዙሪያው ቆምን። ወጣቱ አስቀድሞ ኮምፒዩተሩን አገናኝቶ የሴሎቹን ቮልት አንድ በአንድ አነበበ። በትልቁና በትንሹ መካከል የተገኘው ልዩነት 8 ሚሊ ቮልት ብቻ ነበር፤ ከሴሎቹ አንዱ ተጨፍልቆ ቢሆን ኖሮ ከባልንጀሮቹ ርቆ ወርዶ ይታይ ነበር አለን። ቀጥሎም ትንሹን የ12 ቮልት ባትሪ ፈታ፤ የከፍተኛውን ኀይል ማቋረጫ ነቅሎ ኪሱ ውስጥ ከተተውና ሰዓቱን እያየ ጥቂት ደቂቃ ጠበቀ። የጎማ ጓንቱን አጥልቆ ኀይሉ ወደ ላሜራው የሚያፈስበት ቀዳዳ እንደሌለ በመለኪያ መረመረ። በመጨረሻ አውቶሞቢሊቱን በማንሻ ከፍ አደረጋት።

ከሥሯ ስንገባ የክንድ ርዝመት ያለው ጭረት አየን። ድንጋዩ የፋቀው ከሣጥኑ በታች ያለውን መከላከያ ላሜራ ነው፤ ላሜራውን ፈትቶ ሲያወርደው የሣጥኑ ፊት ቀለሙ እንኳ አልተላጠም። የእድሩ ዳኛ «ጓንቱን አበድረኝ» ብለው ተቀብለው አጠለቁና፣ አንገታቸውን ወደ ኋላ ቀንተው ሣጥኑን ከዳር እስከ ዳር በመዳፋቸው ዳበሱት። ጊዜ ወሰዱ። ከዚያ «ደኅና ነው» አሉ። የልጁ እናት እልል ሊሉ ጀምረው በነጠላቸው አፋቸውን ያዙ። እኛም የይቅርታውን ወረቀት በስቱኮ ጣሳ ላይ አስደግፈን ፈረምን፤ ልጁም በዚያው ሳምንት መንጃ ፈቃዱን አስመለሰ።

የቀረው ሥራ ተራ ነው። ቀለም ቀቢው እንደ ወትሮው አውቶሞቢሉን ከነሙሉ አካሉ በጋለ ክፍል ሊያደርቅ አስቦ ነበር፤ ብርቱ ሙቀት ባትሪውን ስለሚጎዳ ግን ፓራፋንጎውን ለብቻ አስፈትተን በፀሐይ አደረቅነው። ርቀት ለኪውን ፍለጋ መርካቶ ሶማሌ ተራ ብንወርድ፣ አንዱ ነጋዴ ሥዕሉን አገላብጦ አይቶ፣ «ጋሼ፣ እኛ የምንሸጠው ከሞተው ላይ ነው፤ የዚህች ዘመድ ገና አልሞተችም» ብሎ አሳቀን። ስለዚህ ዕቃው ከጓንዡ እንዲመጣ በአንድ አስመጪ በኩል ታዘዘ። የፓራፋንጎው፣ የቀለሙ፣ የመከላከያው ላሜራና የርቀት ለኪው ዋጋ በጠቅላላው 30 ሺህ ብር ሆነ። ባለ ንብረቱ በመድን በኩል መሄዱ ጊዜ ይፈጃል ብሎ ግማሹን በዕለቱ ከፈለ፤ ልጁ ቀሪውን 15 ሺህ ብር በሦስት ጊዜ ሊከፍል ተስማማ።

ሁለቱን ጊዜ በቀጠሮው ቀን አምጥቷል። በሁለተኛው ጊዜ አብሮት የመጣው ረዳቱ ነበር፤ በሩ ላይ ቆሞ ሲያፍር «ግባ» ብለነው ገብቶ ሁለት ሲኒ ቡና ጠጣ። ሦስተኛው ክፍያ ለየካቲት 1 ቀን ተቀጥሯል። ርቀት ለኪው ገና ከጓንዡ አልደረሰም፤ ቢጫው ምልክትም በስክሪኑ ላይ እንደ በራ ነው።