የሚሄደውም የሚቀረውም ይሰናዳ

ሰው ለአንድ ቀን መንገድ እንኳ ሲነሣ ስንቁን ቋጥሮ፣ በትሩን ይዞ፣ ቤቱንም ለጎረቤት አደራ ሰጥቶ ይሄዳል። ወደማያውቀው አገርና ወደማያውቀው ቤት ለሁለት ዓመት ሥራ የሚሄድ ሰው ግን በዘመናችን ብዙ ጊዜ ከዚህ ባነሰ ዝግጅት ሲወጣ ይታያል። ይህን የምጽፈው ሌላውን ለመንቀፍ አይደለም፤ ስሕተቱ በገዛ ቤቴ የተሠራ ስለ ሆነና ከሠሩትም ሰዎች አንደኛው እኔ ስለ ነበርሁ ነው።

የምንኖረው በአዲስ አበባ ምዕራብ፣ በኮልፌ ቀራንዮ፣ ከአየር ጤና ብዙ በማይርቅ ሠፈር ነው። በዕድራችን ውስጥ ልጁን፣ እኅቱን ወይም የእኅቱን ልጅ ወደ ዓረብ አገር ያልሸኘ ሰው ጥቂት ነው። ትልቋ ልጄም በ2003 ዓ.ም. ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ሄደች፤ ያን ጊዜ ዕድሜዋ 19 ዓመት ነበረ። የጉዞዋን ነገር የጨረሰው አንድ ደላላ ነው። እኔም በበኩሌ፣ ሰው ሁሉ እንዲሁ ይሄዳል ብዬ ብዙ ሳልመረምር፣ የጠየቀውን ገንዘብ ከዘመድ ተበድሬ ከፈልሁ። ልጄ የኤሌክትሪክ ምድጃ ነክታ አታውቅም ነበር፤ በዓረብኛ ውሃ ስጡኝ ማለት አትችልም ነበር፤ የፈረመችበትንም ውል አላነበበችውም። በፓስፖርቷ ላይ የተጻፈው ስም እኔ ያወጣሁላት ስም አልነበረም፤ ዕድሜዋም ተጨምሮ ነበር። ደላላው «እንዲህ ካልሆነ አይቀበሏትም» ባለ ጊዜ ዝም አልሁ።

ከጥቂት ወራት በኋላ ገንዘብ መምጣት ጀመረ። እኛም ከአጠና ተራ አጠናና ቆርቆሮ ገዝተን ሁለት ክፍል ቤት ጨመርን፤ ሶፋ ገዛን፤ የወንድሟንም ሠርግ ከአቅማችን በላይ ደገስን። ልጄ በስልክ «አባባ፣ ገንዘቡ እንዴት ሆነ?» ብላ ስትጠይቀኝ «በደኅና ተቀምጧል» እላት ነበር። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ።

በ2006 ዓ.ም. የሳዑዲ ዓረቢያ መንግሥት ፈቃድ የሌላቸውን የውጭ አገር ሰዎች ማስወጣት በጀመረ ጊዜ፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ወደ አገራቸው ተመለሱ። ልጄም ከመጀመሪያ አሠሪዋ ቤት ወጥታ ያለ ወረቀት ትሠራ ስለ ነበር ከተመላሾቹ አንዷ ሆነች። ወሩ ኅዳር ነበረ፤ በጾመ ጽጌ የእመቤታችንን ስደት አስበን ገና መፈጸማችን ነበር። ተመላሾቹ ወዳረፉበት ስፍራ ሄጄ ስሟን ነግሬ ጠየቅሁ። መዝገቡን የያዘው ወጣት ሁለት ጊዜ ከላይ እስከ ታች ፈልጎ «አባቴ፣ በዚህ ስም የመጣች ሰው የለችም» አለኝ። ለካ ልጄ ከእኔ ሃያ እርምጃ በማይሞላ ስፍራ፣ መሬት ላይ ተቀምጣ ነበር። በመዝገቡ ላይ የነበረው እኔ ዝም ብዬ የተቀበልሁት ስም ነው።

ወደ ቤት ወሰድናት። አዲሶቹን ክፍሎች አየች፤ ሶፋውን አየች፤ ከዚያም «ገንዘቡስ?» አለች። መልስ አልነበረኝም። አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም፤ ነገር ግን ለብዙ ጊዜ ከእኔ ጋር በአንድ ማዕድ መቅረብ ተወች።

መንግሥት ያን ጊዜ ለሥራ ወደ መካከለኛው ምሥራቅ የሚደረገውን ጉዞ አግዶ ነበር። ቆይቶም በ2008 ዓ.ም. ስለ ውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 ወጣ፤ እገዳውም በ2010 ዓ.ም. ተነሣ። አዋጁ የቪዛውና የደርሶ መልስ ጉዞው ወጪ በአሠሪው እንዲሸፈን፣ የሚሄደውም ሰው በሙያው የብቃት ማረጋገጫ እንዲይዝና ከጉዞው በፊት ገለጻ እንዲሰጠው ደነገገ። እኔ ይህን ያነበብሁት ታናሺቱ ልጄ «እኔም እሄዳለሁ» ባለችበት በ2013 ዓ.ም. ነው።

የምትሄደው ወደ ዮርዳኖስ ነበረ። እኔ ዮርዳኖስን የማውቀው ጌታችን የተጠመቀበት ወንዝ በመሆኑ ነው፤ በየዓመቱም በከተራ ታቦታቱ ወርደው የሚያድሩበትን ውሃ በዚያ ስም እናስበዋለን። አሁን ግን ልጄ ሰው ቤት ተቀጥራ ልብስ የምታጥብበት አገር ስም ሆኖ መጣብኝ። ልከለክላት ፈለግሁ። ይህን ጊዜ እስከዚያ ድረስ በቤቱ ጉዳይ ቃል የማትተነፍሰው ትልቋ ልጄ ተነሥታ እንዲህ አለችኝ፦ «አባባ፣ ቢከለክሏትም ትሄዳለች። ነገር ግን እንደ እኔ አትሂድ። የማውቀውን ሁሉ አስተምራታለሁ። እርስዎ ግን አስቀድመው የላክሁትን ገንዘብ ምን እንዳደረጋችሁበት ይጻፉና በፊቷ ያንብቡ።»

በእናታቸው ሣጥን ውስጥ የተቀመጡትን የባንክ ደረሰኞች አውጥቼ ሦስት ማታ ጻፍሁ። ለቆርቆሮ ይህን ያህል፤ ለሶፋ ይህን ያህል፤ ለሠርግ ድንኳንና ለሰንጋ ይህን ያህል። በሦስተኛው ማታ ቡና ተፈልቶ ሁላችንም ተቀምጠን ሳለ አነበብሁት። ለእርስዋ ተብሎ የተቀመጠ አንድ ብር እንኳ በዝርዝሩ ውስጥ አልተገኘም። አንብቤ ስጨርስ ተነሥቼ «ልጄ፣ በድዬሻለሁ፤ ይቅር በይኝ» አልኋት። ምንም አልመለሰችልኝም። ጀበናውን አንሥታ በመጀመሪያ ለእኔ ቀዳችልኝ፤ ከዚያም ወደ እኅቷ ዞራ «ነገ ጧት እንጀምራለን» አለች።

ትምህርቱ ስድስት ወር ያህል ቆየ። ታናሺቱ በሙያ ማሠልጠኛ ገብታ የቤት አያያዝ ተምራና ተፈትና የብቃት ማረጋገጫዋን ተቀበለች፤ በመጽሐፍ የማይገኘውን ግን ከእኅቷ ተማረች። የልብስ ማጠቢያ መኪናውን፣ ካውያውን፣ የጋዝ ምድጃውን እየነካካች ለመደች። በረኪናን ከሌላ የመጸዳጃ ቤት ማጽጃ ጋር መቀላቀል ትንፋሽ የሚያሳጣ መርዘኛ ጋዝ እንደሚያስነሣ አወቀች። ከፎቅ መስኮት ተንጠልጥሎ መስተዋት መወልወል እምቢ የሚባልበት ትእዛዝ መሆኑን ተነገራት። የአሠሪዋን ሙሉ ስም፣ የምትሄድበትን ከተማና የስልክ ቁጥር ሳትይዝ አውሮፕላን እንዳትሳፈር፣ የፓስፖርቷንና የውሏን ግልባጭ በቤት ትታ እንድትሄድ፣ የአንዱን ዘመድ ስልክ በቃሏ እንድታጠና ተመከረች። የዮርዳኖስ መንግሥት በ2008 እ.ኤ.አ. የሥራ ሕጉን ለቤት ሠራተኞችም እንዳደረሰ፣ በ2009 እ.ኤ.አ. በወጣውም ደንብ የቤት ሠራተኛ በሳምንት አንድ ቀን ዕረፍት እንደ ተፈቀደላት አብረን አወቅን። ይህን ማወቅ ምን እንደሚጠቅም ኋላ ይታያል።

እኔም የማስተምራት ነገር አገኘሁ። በልጅነቴ በቄስ ትምህርት ቤት ያጠናሁት ግእዝ ለዓረብኛ ድልድይ ሊሆን ይችላል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። በዚያ አገር ሰው አነጋገር ውሃ እንደ ግእዙ «ማይ» ነው፤ ቤት «ቤት» ነው፤ ደም «ደም»፣ ራስ «ራስ»፣ ነፍስም «ነፍስ» ይባላል። ቁጥሩም እንዲሁ የሥጋ ዘመድ ነው፦ አርባዕቱ «አርበዓ»፣ ኀምስቱ «ኀምሳ»፣ ሰብዓቱ «ሰብዓ»፣ ተስዓቱ «ቲስዓ» ይሆናል። በእኛ አነጋገር አንድ ድምፅ የሆኑት አልፋው አና ዐይኑ ዐ፣ ሐመሩ ሐና ብዙኃኑ ኀ በዓረብኛ እስከ ዛሬ ተለያይተው ይነገራሉ። ልጄ በልጅነቷ «ይህ ሁሉ ሀ ለምን ያስፈልጋል?» ትለኝ ነበር፤ አሁን መልሱን አገኘች። በእኛና በእነዚያ ሰዎች መካከል ያለው ልዩነት ብዙ ቢሆንም፣ ገና ከደጃቸው ስትደርስ የምታውቀው ቃል መስማቷ ፍርሀቷን እንደ ቀነሰላት በኋላ ነግራኛለች።

የንስሐ አባታችንም መጥተው መከሯት። ሽምብራ፣ ፉልና የወይራ ዘይት የዚያ አገር ሰው የዘወትር ምግብ ስለ ሆነ የጾም ነገር እንዳያስጨንቃት፣ ጸሎቷ ቢያጥርም እንዳይቋረጥ፣ ስለ ሃይማኖቷ ስትጠየቅም ያለ ክርክርና ያለ እፍረት እንድትመልስ ነገሯት። እኔ ደግሞ በባሕረ ሐሳብ ቆጥሬ የሁለቱን ዓመት አጽዋማትና በዓላት ከአውሮፓው ቀን ጋር አዛምጄ በአንዲት ትንሽ ደብተር ጻፍሁላት፤ ጳጉሜን በሌለበት አገር ያለ ደብተር ዓመት መቁጠር አይቻልምና። በፓስፖርቷ ላይም በዚህ ጊዜ እኔ ያወጣሁላት ስም ተጻፈ።

ይህ ሁሉ የሚሄደው ሰው ዝግጅት ነው። ትልቋ ልጄ ግን በዚህ አልረካችም። «እኔን የጎዳኝ ምድጃውን አለማወቄ ብቻ አይደለም፤ ምድጃውን በሳምንት ለመድሁት። የጎዳኝ ተመልሼ የምገባበት ነገር አለመኖሩ ነው» አለች። ስለዚህ አራታችን ተቀምጠን ሦስት ቃል ተዋዋልን። አንደኛው፣ ከደመወዟ ከሦስት እጅ አንዱ ለቤት ይላካል፤ ሁለቱ እጅ በራሷ ስም በባንክ ይቀመጣል። ሁለተኛው፣ ጊዜው ሁለት ዓመት ነው፤ ከዚያ በኋላ ብትቀር በፈቃዷ እንጂ በእኛ ልመና አይሆንም። ሦስተኛው፣ በማናቸውም ቀን «መጣሁ» ብትል «ለምን?» ብሎ የሚጠይቃት አይኖርም፤ ባዶ እጇንም ብትመጣ የልጅነት ቦታዋ አይጎድልም። ወረቀቱን ሁላችንም ፈርመንበት ከጸሎት መጽሐፌ ውስጥ አኖርሁት።

በጥር ወር 2014 ዓ.ም. ሄደች። በአምስተኛው ወር አንድ ሌሊት ደወለች። የዕረፍት ቀን አልተሰጣትም፤ ከማለዳ እስከ እኩለ ሌሊት ትሠራለች፤ ስልኳን የምታገኘው እመቤቲቱ ከተኛች በኋላ ነው። «አባባ፣ መምጣት ፈልጌያለሁ» አለችኝ። እውነቱን ልናገር፤ ያን ሰሞን የቤቱ ጣሪያ ያፈስስ ነበር፤ ክረምቱም እየገባ ነበር። በአፌ ላይ የመጣው ቃል «እስቲ ትንሽ ታገሺ» የሚል ነበረ። ነገር ግን ትልቋ ልጄ በጓዳው ደጃፍ ቆማ ትመለከተኝ ነበር። «ነይ። ትኬቱን እነርሱ ባይቆርጡልሽ ከተቀመጠው ገንዘብሽ እንቆርጥልሻለን» አልኋት።

ከሳምንት በኋላ ዳግመኛ ደወለች፤ ድምፅዋ ሌላ ነበረ። ውሉን ይዛ ወደ እመቤቲቱ ቀርባ፣ በዚያው በተማረችው ጥቂት ዓረብኛ፣ የዕረፍቷን ቀን እንድትሰጣት፣ ይህ ካልሆነም ወደ አገሯ እንድትመልሳት ነገረቻት። እመቤቲቱም ለጥቂት ቀን ተቆጥታ ቆየች፤ በመጨረሻ ግን ዓርብ ዓርብ እንድታርፍ ፈቀደች። ልጄ እንዲህ አለችኝ፦ «አባባ፣ ‹ነይ› ባይሉኝ ኖሮ አልናገርም ነበር። የምመለስበት ቤት እንዳለኝ ሳውቅ ነው አፌ የተከፈተው።» አሠሪ ሁሉ እንዲህ ይሰማል ማለቴ አይደለም፤ የማይሰማና እጁን የሚያነሣም ብዙ አለ። እንዲህ ያለው በገጠማት ልጅ ዘንድ ግን «ነይ» የሚለው ቃል ይበልጥ ያስፈልጋል እንጂ አያንስም።

ሁለቱን ዓመት ፈጽማ በ2016 ዓ.ም. በገዛ ስሟ ተመለሰች። ያጠራቀመችው ገንዘብ ብዙ አይደለም። ከእኅቷ ጋር ሆና ሁለት የልብስ ማጠቢያ መኪና ገዝተው በአየር ጤና በኩል በተከራዩት አንድ ክፍል ይሠራሉ፤ አንዳንድ ወር ከኪራዩ የሚተርፍ አይገኝም። ትልቋ ልጄም አሁን በአንድ ማዕድ ከእኔ ጋር ትቀርባለች። የጠፋውን ገንዘቧን በየወሩ በጥቂት በጥቂቱ እመልሳለሁ፤ ሒሳቡንም ያው ደብተር ይዞታል። ዕድሜዬ እስኪፈጽመው ድረስ ይበቃ እንደ ሆነ አላውቅም።

አንባቢ ሆይ፣ ልጅህ ወደ ዓረብ አገርም ቢሆን፣ ወደ አሜሪካም ቢሆን፣ ወደ ካናዳም ቢሆን ለመሄድ ሲነሣ ቋንቋውንና ሙያውን ይማር፤ ሕጉን ይወቅ፤ ውሉን ያንብብ። ግንብ ሊሠራ የሚወድ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንዲቈጥር ጌታችን አስተምሮናልና። ነገር ግን በዚያው ሌሊት አንተም ከቤተ ሰብህ ጋር ተቀምጠህ የራስህን ወጪ ቍጠር፦ ከልጅህ ላብ ስንቱን ትቀበላለህ? ስንቱንስ ትጠብቅለታለህ? ባዶ እጁን ቢመለስ በምን ፊት ትቀበለዋለህ? ይህን ሦስት ጥያቄ ሳትመልስ ሻንጣውን አትዝጋ።

በስደት ያሉትን ሁሉ፣ ከሕፃን ልጇ ጋር ስደትን ያየች እመቤታችን በአማላጅነቷ ትጠብቅልን፤ እኛንም በቤት የቀረነውን ልጆቻችንን በስማቸው ጠርተን ለመቀበል ያብቃን። አሜን።